ወረቀት በገመድ የሚያሰጡት ዶክተር

የዶክተር ወይንሸትን ዕረፍት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። የድሮ ተማሪዎቻቸው ባለንበት ግሩፕ ላይ አንዱ ፎቷቸውን ለጥፎ ከሥሩ «ታላቋ ምሁር፣ የበርካታ መጻሕፍት ደራሲ፣ ዶክተር ወይንሸት ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ብሎ ጽፏል። ከዓለም ባንክ ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ደነገጥኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ዶክተር ወይንሸት አንድም መጽሐፍ ጽፈው አያውቁም። ይህን ማስታወቂያ ቢያገኙት ኖሮ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን መዘው፣ «የበርካታ መጻሕፍት ደራሲ» የሚለውን ያሰምሩበትና ከጎኑ «ማን አለ?» ብለው ይጽፉበት ነበር።

አላስቻለኝም። «በጣም ያሳዝናል። መጽሐፍ ግን አልጻፉም፤ ቢስተካከል» ብዬ ላኩ። አንዷ «አንተ ደግሞ፣ በሰው ሞት ላይም!» ብላ ወረደችብኝ። ሌላው ግን «እውነቱን ነው፣ እሳቸውም ቢሆኑ ዝም አይሉም ነበር» አለ። ጥቂት ቆይቶ ማስታወቂያው ተስተካከለ። የእሳቸው ተማሪዎች መሆናችንን ያወቅኩት ያኔ ነው።

እኔ ሳንሱሲ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በትምህርት አመራር የተማርኩት ከሥራ በኋላ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። ዶክተር ወይንሸት እዚያ የምርምር ዘዴ ያስተምሩን ነበር። አጠር ያሉ፣ ቀጠን ያሉ የጎጃም ሰው ናቸው። ከኮታቸው ላይ ነጠላ ጣል ያደርጋሉ፤ ክረምት ከበጋ ነጭ ሸራ ጫማ ነው የሚጫሙት። ድምፃቸው ግን የቁመታቸው አይደለም። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሆነው ሲናገሩ ሁለተኛው ፎቅ ይሰማል።

የመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ምን ለማጥናት እንዳሰብን ጠየቁን። በረከት የሚባል ጓደኛዬ ብድግ አለና ከስልኩ ላይ ማንበብ ጀመረ። «በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በተመረጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትምህርት አመራር ሚና፣ ተግዳሮቶችና የወደፊት ተስፋዎች...»

«ልጄ፣ ቆይ» አሉት። «ርዕስህን መች ጠየቅኩህ? ጥያቄህን ነው የጠየቅኩህ። ምን ማወቅ ፈልገህ ነው?»

በረከት ስልኩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እኔም ጫማዬን አየሁ።

«ርዕስ የቤት በር ነው» አሉ። «ቤቱን ሳትሠራ በር ተሸክመህ መንደር ለመንደር ትዞራለህ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አሁን ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ጥያቄያችሁን ለታክሲው ረዳት ንገሩት። በአማርኛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። አልገባኝም ካላችሁ፣ ነገሩ ያልገባው እሱን አይደለም፤ እናንተን ነው።»

የቀለዱ መስሎን ነበር። በሳምንቱ ግን አንድ በአንድ እያስነሱ «ረዳቱ ምን አለህ?» እያሉ ጠየቁን። አንዱ ዋሽቶ «በጣም ጥሩ ጥናት ነው አለኝ» ሲላቸው፣ «ረዳት እንዲህ አይልም። ረዳት የሚለው ‹ሒሳብ› ነው። ሂድና እንደገና ንገረው» ብለው አስቀመጡት።

ጥያቄ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ዕቅድ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት የእሳቸው የግል ንብረት ይመስለኝ ነበር፤ ከአፋቸው አይጠፋም። ምን ታነባላችሁ፣ ማንን ትጠይቃላችሁ፣ መቼ ትጽፋላችሁ፣ መቼ ታርማላችሁ፤ ሁሉም በወረቀት መስፈር አለበት። እኔ ደህና አድርጌ ያሰናዳሁትን የሥራ ዕቅድ ከላይ እስከ ታች አነበቡና «ጥሩ ነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን የታለ?» አሉኝ። «ልጅህ የሚታመምበትስ? ዘመድህ የሚድርበትስ? የአዲስ አበባ ሰው ሆነህ ምንም የማይገጥመው ሰው ዕቅድ ነው ያመጣህልኝ» ብለው መለሱልኝ። እውነትም ያን ዓመት የመንደራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስንት ቀን በጨለማ ከረምን። እሳቸው ባስጨመሩኝ ክፍት ቀናት ነው የተረፍኩት።

አስኮ ያለውን ግቢያቸውን ያየ ግን አይረሳቸውም። አማካሪ ሆነው የተመደቡልን ልጆች እሁድ ከሰዓት፣ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ እኔም ከጸሎት ቤቴ ወጥቼ፣ እቤታቸው እንገናኛለን። የጻፍነውን ምዕራፍ ይቀበሉና ገጽ በገጽ እያላቀቁ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቅሉታል። ከዚያ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። የሚያነቡት የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ያውም ጮክ ብለው። እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ተከታትለው አንድ ታሪክ ካልነገሯቸው፣ ነገሩን የቆረጠውን ገጽ ከገመዱ አውርደው ለባለቤቱ ይሰጡታል።

ልጃቸው ሜሮን ልብስ የያዘ ሳፋ ታቅፋ ከበሩ ላይ ትቆማለች። «እማዬ፣ ዛሬም ልብስ የማሰጣው የት ነው?»

«ምዕራፍ ሦስት እስኪደርቅ ታገሺ» ይሏታል።

ጎረቤትም ከአጥር በላይ ብቅ እያለ «ዶክተር፣ ዛሬም ወረቀት አጠቡ?» ይላል። እሳቸው አይሰሙም። ነፋስ ሲመጣ ሁላችንም የየራሳችንን ገጽ እንደ ዶሮ እያባረርን እንለቅማለን። ኮሌጁ ውስጥ ዲግሪያቸውን ያላየ ሰው ቢኖር፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ሲያያቸው ምንድን ናቸው ይል ነበር።

በረከት ከኮሌጃችን የታወቀ በሽታ የተፈወሰው እዚያ ገመድ ሥር ነው። የኛ ሰው ምርምር ሲጽፍ መጀመሪያ የሚፈልገው መጽሐፍ አይደለም፤ ከፊቱ የተመረቀ ሰው የሠራውን ነው። ከዚያ የቦታውን ስም ይቀይርና ቀስ እያለ የራሱን ይሰካበታል። በረከትም ሐዋሳ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አግኝቶ ሐዋሳ የሚለውን ሁሉ በኮልፌ ቀይሮ አመጣው። ዶክተር ወይንሸት በገመዱ ሥር እየሄዱ ድንገት ቆሙ።

«በረከት፣ ና እስቲ። ‹በሀይቁ ዳርቻ ያሉ የኮልፌ ትምህርት ቤቶች› ይላል። ኮልፌ ውስጥ የትኛው ሀይቅ ነው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሜሮን እንኳ ሳፋዋን አስቀምጣ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። ገጹን አወረዱና እጁ ላይ አስቀመጡለት፤ ከዚያም ዝግ ባለ ድምፅ «ያንተ ሰፈር እኮ የራሱ ጉድ አለው። ለምን በሰው ሀይቅ ትዋኛለህ?» አሉት። በረከት ሙሉውን ጥሎ እንደገና ጀመረ።

የእኔ ጥያቄ አጭር ነበር፤ ረዳቱም ገብቶታል። «ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰጠው የሒሳብ ማጠናከሪያ ደካማ ተማሪዎችን ረድቷል ወይ?» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ማጠናከሪያውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። መምህራኑን ለምኜ፣ ርእሰ መምህሯን ወይዘሮ ሰናይትን አሳምኜ፣ ቅዳሜዬን ሠውቼ ያቆምኩት ነገር ነው። ወላጆች በዓመቱ መዝጊያ ጋቢ አልብሰውኛል። ከሌላ ትምህርት ቤት እንግዳ ሲመጣ ወይዘሮ ሰናይት መጀመሪያ የምታሳየው ያንን ነው። ጥናቱ ይህን ሁሉ በቁጥር የሚያደምቅልኝ ነበር የመሰለኝ።

የተማሪዎቹን ውጤት ሰብስቤ የመጡትን ካልመጡት ጋር አስተያየሁ። ልዩነት የለም። እንደገና ደመርኩ። የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጡትም፣ ቤታቸው የዋሉትም እኩል ነው የተራመዱት። የሒሳብ መምህር ሆኜ ሒሳብን የጠላሁት ያን ቀን ነው።

ለበረከት ነገርኩት። ያ በሀይቅ የተሳቀበት ሰው እንኳ አዘነልኝ። «ትንሽ ነካ ነካ አድርገው በቃ» አለኝ። «የጥቂት ልጆች ውጤት ከፍ ብታደርግ ማን ያየዋል? መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው።» ወይዘሮ ሰናይት ደግሞ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ተስፋዬ፣ ይሄን ወላጅ ፊት ብታወራው ቅዳሜን ለመዝጋት እገደዳለሁ። የልፋትህ ዋጋ ይሄ ይሁን?» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የእኔኑ ሥራ ልታድንልኝ ነው።

እሁድ ወረቀቴን ይዤ አስኮ ሄድኩ። ዶክተር ወይንሸት ሠንጠረዡን ብቻውን ገመዱ ላይ ሰቀሉትና ቆመው አዩት። እኔ የተበላሸ ነገር እንዳመጣ ሰው ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

«ዶክተር፣ ጥናቴ ውጤት አልባ ሆነብኝ።»

ዞር አሉ። «ውጤት አልባ ጥናት የለም። ውጤቱ ‹አልረዳም› ነው። ምዕራፍ አራት ላይ የምትጽፈው ያየኸውን ነው፤ የተመኘኸውን አይደለም። ምኞት የሚጻፍበት ምዕራፍ የለንም።»

«ግን እኮ መጠይቅ በትኜ ተማሪዎቹ ሁሉ በጣም ወደውታል ነው ያሉት።»

«የትኞቹ ተማሪዎች?»

«ቅዳሜ የሚመጡት።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይሄ ቁጣ ሲመጣባቸው የሚያደርጉት ነገር ነው። «አንተ ልጅ፣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ‹ታክሲ አግኝተሃል?› ብለህ ትጠይቃለህ? ፌርማታ ላይ የቀረውን ነው እንጂ! ሂድ፣ ያልመጡትን ፈልጋቸው። ለምን እንዳልመጡ ሳታውቅ ምዕራፍ አምስትን እንዳትነካት።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ትምህርት ቤት ከርሜ ያልተማርኩትን የተማርኩባቸው ናቸው። ያልመጡትን ልጆች ቤት ለቤት ዞርኩ። ለካ ማጠናከሪያው የተሠራላቸው ደካሞቹ ልጆች ቅዳሜ ነፃ አይደሉም። አንዷ ከእናቷ ጋር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አንዱ አጠና ተራ አባቱን ያግዛል። ሌላው ወላጆቹ ገበያ ስለሚውሉ ታናናሾቹን ይጠብቃል። ቅዳሜ የሚመጡልኝ ባይመጡም የሚያልፉት ልጆች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠገበ ሰው ሳበላ ነው የኖርኩት። ሁሉንም እንዳገኘሁት ጻፍኩት፤ ማንን እንደጠየቅኩ፣ እንዴት እንደመረጥኩ፣ መጀመሪያ መጠይቁን ለማን ብቻ በትኜ እንደነበር ሳይቀር። «የሄድክበትን መንገድ ሌላ ሰው ተከትሎት እዚያው መድረስ አለበት፤ የተደናቀፍክበትን ድንጋይም አሳየው» ይሉ ስለነበር።

ጥናቴን በምከላከልበት ቀን ከሌላ ቦታ የተጋበዘው ፈታኝ ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አደረገና መነጽሩን አወለቀ። «አቶ ተስፋዬ፣ የራስዎ ፕሮግራም እንደማይሠራ ሊነግሩን ነው የሰበሰቡን? አስተዋጽኦው ምንድን ነው?»

ዶክተር ወይንሸትን አየኋቸው። አንድ ቃል ቢሉልኝ ብዬ ተማጸንኩ፤ በዓይኔ። እሳቸው በመስኮት የግንባታ ክሬን እያዩ ነበር። ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ቆረጠሙ። አስቀድመው ነግረውኛል፤ «ያን ቀን እኔ ወንበር ነኝ። ወንበር አይናገርም።»

ግን መልሱ አፌ ላይ ነበር። «ማጠናከሪያውን ለደካሞቹ ነበር የሠራሁት፤ ደካሞቹ ጋ አልደረሰም። እስካሁን ይሄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። አሁን ግን ለምን እንዳልደረሰ እናውቃለን፤ ስለዚህ ማድረስ ይቻላል» አልኩ። ከዚያ ያገኘሁትን አንድ በአንድ አስረዳሁ። ፈታኙ ብዙ ጠየቀ፤ ሁሉንም መለስኩ፤ ምክንያቱም ሁሉንም በእግሬ ሄጄበታለሁ። በመጨረሻ ጥቂት የፊደል ግድፈት አርም ብሎ አሳለፈኝ። በረከት በር ላይ ለስላሳና ብስኩት ይዞ ይጠብቀኝ ነበር፤ እኔ ከምችለው በላይ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ።

ዶክተር ወይንሸት ከብስኩቱ አንድ አነሱና «ደህና» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ነው። ቀጥለው ግን «አልጨረስክም» አሉ።

«ምን ቀረኝ?»

«ለእኛ ነገርከን። ለጠየቅካቸው ሰዎችስ? ቤታቸው ገብተህ፣ ጊዜያቸውን ወስደህ፣ ወረቀቱን መደርደሪያ ላይ ልትቆልፍባቸው ነው? ሂድና አንብብላቸው። በአማርኛ።»

የፈራሁት ይሄንን ነበር። ፈታኙ የሚያውቀው ወረቀቴን ነው፤ ወላጆቹ የሚያውቁት እኔን ነው። በተናገርኩ ማግስት ቅዳሜ ሊዘጋ ይችላል፤ ከዚያ ደካሞቹም ጎበዞቹም ምንም አይኖራቸውም። ወይዘሮ ሰናይትን ለመንኳት። ብዙ አንገራግራ «በራስህ ኃላፊነት» አለችና በወላጆች ስብሰባ ላይ ጊዜ ሰጠችኝ።

የስብሰባው ቀን አዳራሻችን ሞልቷል። ዶክተር ወይንሸት ሳልጠራቸው መጥተው የኋላ ረድፍ ላይ፣ ልጆች በሚቀመጡበት ጠባብ ዴስክ ላይ ከሁለት እናቶች መሃል ተቀምጠዋል። አንብቤ ጨረስኩ። «ረድቷል ብዬ ነበር፤ አልረዳም» የሚለውን ስናገር ድምፄ ተሰበረ።

አንድ አባት ተነሱ። «ታዲያ ልጆቻችንን ሁለት ዓመት በከንቱ ነው ያመላለስካቸው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ ሽንኩርት የምትሸጠው የዚያች ልጅ እናት ተነሳች። «ቆይ ጋሼ፣ የእኔ ልጅ አንድም ቀን አልተመላለሰችም። ለምን ቀረች ብሎ ቤቴ ድረስ የመጣው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰኞና ረቡዕ፣ ከትምህርት በኋላ አድርጉልኝ፤ እልካታለሁ።» ከወዲያ ከወዲህ «የእኔም»፣ «እኔም እልካለሁ» የሚል ተነሳ። ዛሬ ማጠናከሪያው በሥራ ቀን የሚሰጠው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው። ወይዘሮ ሰናይትም የዘጋችው ነገር የለም፤ በእጇ የያዘችውን ወረቀት ገልብጣ እዚያው ሰዓቱን መጻፍ ጀመረች።

አባትየው ግን አልረኩም። «አሁንስ እንደሚረዳ በምን እናውቃለን?» አሉ።

ከኋላ እጅ ወጣ። «በዓመቱ ይለካዋል» የሚል ድምፅ መጣ፤ ኮሪደር ሙሉ የሚሰማው ድምፅ። «ካልረዳም መጥቶ እንደዛሬው ይነግራችኋል። አልረዳም ብሎ የሚነግራችሁ አስተማሪ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ወይዘሮ ሰናይት አንገቷን አሰገገች። ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም። «ይቅርታ እማማ፣ የማን ወላጅ ነዎት?»

ዶክተር ወይንሸት ከጠባቧ ዴስክ እንደምንም ተላቀው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በቁጣ አልነበረም። እጃቸውን ዘርግተው መድረኩ ላይ የቆምኩትን እኔን አመለከቱ።

«የዚህ» አሉ። «ሌላ ጥያቄ ካላችሁ እሱን ጠይቁት፤ ልጄ መልሱን ያውቀዋል።»